ድመት ትጮኻለች እንጂ አትናገርም ለሚሉ ወገኖች



በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ድመት ያልገባችበት ቤት እየቀነሰ ነው። ልጆች ለምነው ያመጧታል፤ እናትና አባት እያጉረመረሙ ይቀበሏታል፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ደግሞ የሚያበላት ያው ያጉረመረመው ሰው ይሆናል። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ድመቷ አፏን በከፈተች ቁጥር በየቤቱ በሚሰጣት መልስ ላይ ነው። አንዱ ወገን «ትጮኻለች እንጂ ምን ትናገራለች፤ ተዋት» ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ በተለይም ወጣቱ፣ ስልኩን አፏ ላይ ደግኖ «እስቲ ምን አለች?» ብሎ ማሽን ይጠይቃል። ሁለቱ ወገኖች የተቃረኑ ይመስላሉ። እኔ ግን አንድ ናቸው እላለሁ፤ ሁለቱም የሚሸሹት አንዱን ሥራ፣ ማዳመጥን ነውና። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ለመሞገት የተጻፈ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ወገን አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። በአገር ቤት ድመት የምትያዘው ለአይጥ ነው። እህል ያለበት ቤት ድመት ይኖረዋል፤ ስሟም ብዙ ጊዜ «ውሮ» ከመባል አያልፍም። በሩ ክፍት ስለሆነ ሲርባት ታድናለች፤ ሲበርዳት ምድጃ ዳር ትጋደማለች፤ ሲያሻት ጎረቤት ታድራለች። ከሰው የምትሻው ጥቂት ስለሆነ ለሰው የምታሰማውም ጥቂት ነው። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ስንል እንኳ የምንተርተው ስለ ጠባይዋ እንጂ ስለ ድምፅዋ አይደለም። ስለዚህ ወላጆቻችን ድመት አላዳመጡም ብዬ አልወቅስም። የማዳመጥ ግዴታ የሚጣልባቸው ሁኔታ አልነበረም።

አሁን ግን እርስዎ ያሉበትን ይመልከቱ። ሲልቨር ስፕሪንግ ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ፣ ወይም አሌክሳንድሪያ ሴሚናሪ ሮድ ላይ፣ አፓርትመንት ውስጥ ነዎት እንበል። ድመቷ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ናት። በሩ ተቆልፏል፤ መስኮቱ ወንፊት ተገጥሞለታል። ምግቧ በቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ውኃዋ እርስዎ ካልቀዱላት የለም፤ የምትጸዳዳበትን የአሸዋ ሣጥን እርስዎ ካላጸዱት ቆሻሻ ላይ ትቆማለች። እርስዎ ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራሉ። በሕይወቷ ውስጥ በእርስዎ እጅ ያላለፈ አንድም ነገር የላትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከ2018 እስከ 2021፣ በዲሲ ከተማ የድመት ቆጠራ ተካሂዶ ነበር። ወደ 200,000 የሚጠጉ ድመቶች እንዳሉና ከእነርሱ ውስጥ ባለቤት የሌላቸው የውጭ ድመቶች ጥቂት ሺሕ ብቻ መሆናቸው ታወቀ። እንግዲህ የዚህ አካባቢ ድመት ማለት በአብዛኛው የቤት እስረኛ ማለት ነው። እስረኛ ድምፁን ሲያሰማ ጩኸት አይባልም፤ አቤቱታ ነው።

በአገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተማሪ ስለነበርሁ ነገሩን በዚያ በኩልም ልያዘው። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ያደጉ ድመቶች እርስ በርሳቸው «ሚያው» የሚባባሉት እጅግ በጥቂቱ ነው። እርስ በርስ የሚግባቡት በሽታ፣ በጅራትና በጆሮ አቀማመጥ ሲሆን፣ ድምፃቸው ጎልቶ የሚሰማው ሲጣሉ ወይም ወንድና ሴት ሲፈላለጉ ነው። «ሚያው» ከመሠረቱ ግልገል እናቷን የምትጠራበት ድምፅ ነው። ስታድግ ለድመቶች ማሰማቱን ትተወዋለች፤ ለሰው ግን ትቀጥልበታለች።

ማስረጃውን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። ቀደምት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ከተከፈቱባቸው ሰፈሮች አንዱ የሆነውን የዲሲውን አዳምስ ሞርጋን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለውጭ ድመቶች የሚሟገተው አሊ ካት አላይስ የተባለው ድርጅት በ1990 የተመሠረተው እዚያው አዳምስ ሞርጋን፣ በአንድ የጓሮ መተላለፊያ ውስጥ በተገኙ ድመቶች ምክንያት ነው። ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ሰው እንዲህ ያሉትን ድመቶች ያውቃቸዋል። የአንድ ጆሯቸው ጫፍ የተቆረጠ ከሆነ፣ እንዳይወልዱ ተደርገውና ተከትበው የተመለሱ ናቸው። ከሰው ጋር ስላላደጉ ሰው ሲያዩ ይሸሻሉ፤ «ሚያው» ብለው አቤት የሚሉት ሰው የላቸውም። የእርስዎ ድመት ግን ሰው ሽታ እንደማይለይ፣ ጅራት እንደማያነብ፣ ድምፅ ሲሰማ ግን ቀና እንደሚል ተምራለች። ስለዚህ ያ ድምፅ የተበጀው ለእርስዎ ነው። እርስዎ ባይኖሩ ባልኖረም ነበር። ታዲያ ለእርስዎ ብሎ የመጣን መልእክት «ጩኸት ነው» ብሎ መመለስ ምን ይባላል?

«ይሁን፤ ግን ትርጉሙን ማን ያውቀዋል?» ይሉኝ ይሆናል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1944 ሚልድረድ ሞልክ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ የቤት ድመትን ድምፆች አጥንታ 16 ዓይነት አድርጋ መዘገበች፤ በሦስት ምድብም ከፈለቻቸው። አንደኛው አፍ ተዘግቶ የሚሰማው ነው፤ ስትደላደል ከጉሮሮዋ የሚወጣው ር-ር-ር የሚለው ማንኮራፋትና ስትቀበልዎ የምታሰማው አጭር ብርርታ እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው አፍ ተከፍቶ ቀስ በቀስ ሲዘጋ የሚወጣው «ሚያው» ነው። ሦስተኛው አፍ እንደተከፈተ ሆኖ የሚወጣው የቁጣ፣ የፍርሃትና የሕመም ድምፅ ነው። ይህ ክፍፍል ዛሬም ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ነው።

ነገር ግን መነሻ እንጂ መዝገበ ቃላት አይደለም። በ2003 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ኒኮላስ ኒካስትሮና ማይክል ኦውረን የተቀዱ የ«ሚያው» ድምፆችን ለሰዎች አሰምተው፣ ድመቷ በምን ሁኔታ ላይ ሆና እንዳሰማቻቸው ጠየቁ። መልሱ በደፈናው ከመገመት የተሻለው በጥቂቱ ብቻ ነበር፤ የተሻሉትም ከድመት ጋር የኖሩት ናቸው። በ2020 የታተመ የጣልያን ጥናትም ምግብ የምትጠብቅን፣ ብቻዋን የተተወችንና ፀጉሯ የሚበጠርን ድመት በድምፅዋ ብቻ መለየት ሰውን እንደሚያስቸግር አሳይቷል። ከዚህ ምን እንማራለን? ለድመቶች ሁሉ የሚሠራ አንድ ቋንቋ የለም። በየቤቱ ድመትና ሰው በልማድ የሚያበጁት አንድ የጓዳ ቋንቋ አለ። የእርስዎ ድመት በር ሥር ሆና የምታሰማው «ሚያው» የጎረቤትዎ ድመት ከምታሰማው ጋር ላይመሳሰል ይችላል። ትርጉሙም ያለው በድምፁ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ከዚያ በፊት የሆነውና በኋላ ዝም ያሰኛት ነገር ሲደመሩ ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ወገን፣ የስልኩን ወገን፣ ላግኘው። በ2020 ሚያውቶክ የተባለ የስልክ አስተርጓሚ ወጣ፤ ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ቀድሞ በአማዞን አሌክሳ ላይ የሠራ መሐንዲስ ነው። በ2025 ደግሞ የቻይናው ባይዱ የእንስሳትን ድምፅ ወደ ሰው ቋንቋ ለመተርጎም ያቀረበው የባለቤትነት መብት ማመልከቻ ይፋ ሆነ። ሙከራውን አልንቅም። ማሽን ድምፅን ከድምፅ ማወዳደር ይችላል፤ ወደፊትም ይሻሻል ይሆናል። ነገር ግን ስልኩ ድመቷ መቼ እንደበላች አያውቅም። አሸዋው መርጠቡን አያይም። ትናንት ሶፋ ላይ ትዘል የነበረች ዛሬ መዝለል እንደተወች አይነግርዎትም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ የራስን ድመት ሳያውቁ አስተርጓሚ መቅጠርም እንዲሁ ነው።

ለዚህ የማንኮራፋቷን ነገር እንደ ምሳሌ ልጥቀስ። አያቴ ድመት ስታንኮራፋ «ዳዊቷን እየደገመች ነው» ትለን ነበር፤ ሰላሟን ለመግለጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በ2009 በእንግሊዝ አገር በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ካረን ማኮምብና ባልደረቦቿ፣ ድመቶች ምግብ ሲፈልጉ በማንኮራፋታቸው ውስጥ ቀጭን የልቅሶ መሰል ድምፅ እንደሚከቱ አሳዩ። ድመት ኖሯቸው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ያንን ድምፅ ከተራው ማንኮራፋት ይልቅ አጣዳፊ ሆኖ ሰሙት። ከዚህም በላይ ድመት ስትታመም፣ ስትቆስል፣ አንዳንዴም ልትሞት ስትል ታንኮራፋለች። «ታንኮራፋለችና ደኅና ናት» ማለት እንግዲህ አያስተማምንም። በ2019 በካናዳ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድመትን ሕመም ከፊቷ የሚያነቡበት መለኪያ ሲያወጡ የተመለከቱት አምስት ነገር ነው፤ የጆሮን አቀማመጥ፣ የዓይንን መጥበብ፣ የአፍና አፍንጫን መወጠር፣ የጢምን አኳኋንና የራስን ከፍታ። እነዚህን ለማየት ዓይን ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ፤ ነገሩ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነውና።

አንድ ሌሊት ከሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት የአገራችን ሴት ተሳፈሩ። የካርቶን ሣጥን ታቅፈዋል፤ ከሣጥኑ ውስጥ ዝቅ ያለ ማቃሰት ይሰማል። «ወንድሜ፣ እባክህ ቶሎ አድርሰኝ» አሉኝ። ወንድ ድመት ነው። ከቀትር ጀምሮ ወደ አሸዋው እየገባ እየወጣ ሲጮህ ውሏል። ባለቤታቸው «ሆዱ ደርቆ ነው፤ ነገ ይተወዋል» አሉ። ልጃቸው «መጫወት ፈልጎ ነው» አለ። እርሳቸው ግን አሸዋውን የሚያጸዱት እርሳቸው ናቸውና፣ «ከጠዋት ጀምሮ አንድም እርጥብ አላገኘሁበትም» ብለው ተነሡ። የእንስሳት ሐኪሟ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ እንዳገኘችውና ቢያድር ኖሮ ላይተርፍ ይችል እንደነበር ነገረቻቸው። ድመቱ ተረፈ።

አሠራሩ ይህ ነው። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ነው። በጠጠር፣ በዝልግልግ ነገር ወይም በመኮማተር ሲዘጋ ፊኛው ይሞላል፤ ኩላሊት ማጣራቱን ያቆማል፤ በደም ውስጥ ፖታሲየም ይከማቻል፤ በመጨረሻም ልብ ይቆማል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድና በሁለት ቀን፣ ቢበዛ በሦስት ቀን ውስጥ ነው። ድመቱ ደግሞ ዝም ብሎ አይሞትም፤ አሸዋው ላይ ቆሞ ይጮኻል። እየተናገረ ነው። ያን ጊዜ «ትጮኻለች እንጂ አትናገርም» የሚለው ፈሊጥ ፍርድ ይሆናል፤ የሞት ፍርድ። በዚያ ሌሊት ድመቱን ያዳነው የተለየ ጆሮ አልነበረም። ድምፁን ከአሸዋው ጋር አገናኝቶ ማሰብ ነው።

ሌላም አለ። ያረጀች ድመት ሌሊት ሌሊት ማላዘን ስትጀምር ከእኛ ውስጥ «ሟርት ነው» የሚል አይጠፋም። ሟርት አይደለም። በአንገቷ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ፣ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ፣ ጆሮዋ ደክሞ ወይም እንደ አረጋውያን አእምሮዋ እየሳተ ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ በምርመራ የሚታወቁ፣ ብዙዎቹም በመድኃኒት የሚረዱ ናቸው። ወጣቷ ሴት ድመት ወለል ላይ እየተንከባለለች ስታላዝን ደግሞ ወንድ እየፈለገች ነው፤ መፍትሔው እንዳትወልድ ማስደረግ ነው። «ፍሽሽ» ብላ ጥርሷን ስታሳይም ክፋት እንዳይመስልዎ፤ ፍርሃት ነው፤ ትርጉሙም «አትቅረበኝ» ነው። ድመት አማርኛ የማትችል ቢሆንም ይህን ቃል ግን ማንም ሊስተው አይገባም።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። አንደኛው፣ «ወገን እየተፈናቀለና እየተራበ አንተ ስለ ድመት ትጽፋለህ?» የሚል ነው። ለወገን የሚያዝነው ልብ ለድመት ሲያዝን ያልቃል ብዬ አላምንም። ደግሞም ማንም ድመት እንዲያመጣ አልተገደደም። ያመጣ ሰው ግን በሩን የዘጋባት እርሱ ነውና ተጠያቂው እርሱ ነው። ገንዘብን ካነሣንም፣ የተዘጋን የሽንት ቧንቧ ለማስከፈት የሚጠየቀው ሒሳብ ብዙ ጊዜ በሺሕ የሚቆጠር ዶላር ነው፤ በጊዜ መስማት ያዋጣል። ለአገር ቤት የሚላከው ገንዘብም የሚተርፈው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ድመት ማሞላቀቅ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ነው። የሚገርመው፣ ይህን የሚለው ሰው አሜሪካኖች «አቢሲኒያን» ብለው በውድ የሚገዙትን የድመት ዘር ሲያይ «የእኛ እኮ ናት!» ብሎ ይኮራል። የዚያች ድመት ታሪክ እንዲህ ነው። በ1868 እንግሊዞች መቅደላ ላይ ዘምተው ሲመለሱ አንድ መኮንን «ዙላ» የተባለች ድመት ይዞ ሄደ ይባላል፤ ዙላ ጦሩ ያረፈበት የቀይ ባሕር ወደብ ስም ነው። በ1874 በለንደን በታተመ የድመቶች መጽሐፍ ሥዕሏ ወጣ። በኋላ የተደረጉ የዘር ምርመራዎች ግን የዘሩን መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያመለክታሉ። እንግዲህ በስሟ ብቻ እንኮራለን፤ ሶፋችን ሥር ተደብቃ የምታቃስተውን ግን አንሰማም። ይህች ዘር ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው ትባላለች፤ ዝም ያለች ድመት ሁሉ ደልቷታል ማለት እንዳልሆነም እርሷ ታስተምረናለች።

ታዲያ ምን ይደረግ? አስተማሪነቴ አይለቀኝምና የቤት ሥራ ልስጥዎ። ለአንድ ሳምንት ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ይለጥፉ። ድመቷ ድምፅ ስታሰማ አራት ነገር ይጻፉ፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከዚያ በፊት የሆነውን፣ ዝም ያሰኛትን። ሥራውን ለልጅዎ ይስጡት፤ እናትዎ ከአገር ቤት መጥተው አብረዋችሁ ካሉም ቀኑን ሙሉ ከድመቷ ጋር የሚውሉት እርሳቸው ናቸውና ከሁላችሁም በላይ ያውቋታል፤ ይጠይቋቸው። በ2013 እና በ2019 በጃፓን አጹኮ ሳይቶና ባልደረቦቿ ባወጧቸው ጥናቶች መሠረት ድመት የባለቤቷን ድምፅ ከእንግዳ ድምፅ፣ ስሟንም ከሌላ ቃል ትለያለች። ስሟ «ውሮ» ቢሆንም «ፍላፊ» ቢሆንም ለእርሷ አንድ ነው፤ እንግሊዝኛ አያስፈልጋትም። ሳምንቱ ሲያልቅ በእጅዎ ያለው ወረቀት ከማንኛውም የስልክ አስተርጓሚ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ፣ ሰዓቷ ወይም አሸዋዋ ሲለወጥ ወዲያው ይታወቅዎታል። ወንድ ድመት አሸዋው ላይ እያማጠ ምንም ካልወጣው ግን ወረቀቱን ይተዉትና ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይሂዱ፤ እስኪነጋ አይጠብቁ።

የመጨረሻው ቃሌ ይህ ነው። ጎረቤት ስለ ጩኸቷ ከሰሰ ብለው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ጥለዋት የሚሄዱ አሉ። በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂንያ እንስሳን ጥሎ መሄድ በሕግ ያስቀጣል። በእርግጥ ማቆየት ካልቻሉ ለሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ በዴርውድ የሚገኘው የሞንትጎመሪ ካውንቲ የእንስሳት ማዕከል፣ ለአሌክሳንድሪያ ነዋሪ በአይዘንሃወር አቬኑ ያለው የቮላ ላውሰን የእንስሳት መጠለያ አለ፤ አስቀድመው ይደውሉ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ለራስዎ ይመልሱ፤ ምን ስትል ነበር? ይህን መመለስ የማይችል ሰው «ሰለቸችኝ» ለማለት ገና መብት የለውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእርስዎ ጆሮ ግን ቢያንስ በገዛ ቤትዎ ለምትኖረው ባዳ አይሁንባት።